ፀሐይ የሞቁት አራት ዲስኮች

ሃያ ሁለት ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቄ፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «ቅጂ ሳትይዝ አትንካ» ይላል። ጥገና ሊማሩ ወደ እኔ የመጡ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው። ሴት ልጄም የቤት ሥራዋን ስትሠራ ያደገችው በዚያ ወረቀት ሥር ነው። የሰው ሰነድ የያዘ ዲስክ ታሞ ሲመጣ፣ ሕመሙን ከመመርመርህ በፊት ያለውን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዳ፤ ከዚያ በቅጂው ላይ እንደ ልብህ ተሳሳት፤ ዋናውን ግን አትድረስበት። ይህን ማንም አላስተማረኝም። እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅኩት መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አስቀምጬ የእንግሊዝኛ መመሪያ ቃል በቃል እየፈታሁ፣ ብዙም እያበላሸሁ ነው። ስለዚህ ሕጉ ለእኔ ከወረቀት በላይ ነው። አሁን የምጽፈው በአንድ ሰሙነ ሕማማት እንዴት እንደጣስኩት ነው።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። «ሰርቨራችን አይነሳም። ዛሬ ሊመጡልን ይችላሉ? እባክዎ አይደውሉ፤ መስማት የተሳነኝ ነኝ፤ በጽሑፍ እንነጋገር።» አድራሻው ሳሊተ ምሕረት ነበር። የሲኤምሲ ታክሲ ይዤ ሄድኩና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ኮብልስቶን ወርጄ አንድ አረንጓዴ የብረት በር አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው የግቢው ጥበቃ ነበሩ። ሳምንቱ የሕማማት ስለሆነ አልተጨባበጥንም፤ አንገታችንን ደፋ አድርገን ተላለፍን።

መልእክቱን የላከችው፣ በግቢው ያለውን ትንሽ ቢሮ የምትመራው መምህርት አርባዎቹን የተሻገረች፣ ፈጣን ዓይን ያላት ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወፍራም ደብተር ዘርግታ እሷ ትጽፋለች፣ ታዞርልኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ፣ አዞርላታለሁ። ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኳት።

«ሽማግሌዎችና አሮጊቶች» ብላ ጻፈች። «እንደ እኔ የማይሰሙ። ትምህርት ቤት ያልገቡ ገበሬዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎች። የምልክት ቋንቋቸውን ማንም አላስተማራቸውም፤ በየመንደራቸው ራሳቸው ፈጠሩት። እየዞርን በቪዲዮ ቀረጽናቸው። ብዙዎቹ አሁን የሉም። እዚህ ካልኖሩ የትም የሉም።»

ማንም ሳያስተምራቸው ራሳቸው ፈጠሩት የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ «ሌላ ቦታ ቅጂ አለ?» ብዬ ጻፍኩ።

«የለም። ማሽኑ አራት ዲስክ አለው ሲሉን አራት ቅጂ መስሎን ነበር።»

ይህ ስሕተት የብዙ ሰው ነው፤ አንባቢም እንዳይሳሳት ላስረዳ። አራቱ ዲስኮች አራት ቅጂ ሳይሆኑ አንድ ማኅበር ናቸው። እያንዳንዱ ቪዲዮ ተቆራርሶ በመካከላቸው ይከፋፈላል። ሦስቱ ቁራሹን ሲይዙ አራተኛው ድምሩን ይይዛል። አንዱ አምስት፣ አንዱ ሦስት፣ አንዱ ሁለት ቢይዝ፣ አራተኛው አሥር ይይዛል ማለት ነው። ሦስት የያዘው ቢሞት የቀሩት ተደማምረው «የእሱ ሦስት ነበር» ይላሉ። ሁለት ከሞቱ ግን ማኅበሩ ይበተናል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ፋይል ሲስተም የሚባል አለ፤ የዲስኮቹ ማውጫ ነው። የትኛው ቪዲዮ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ስሙም ማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ማውጫው ከተጎዳ ቪዲዮዎቹ ከቤት አይወጡም፤ ግን የሚያገኛቸው የለም።

ምን እንደተፈጠረ የነገሩኝ ጥበቃው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይጨመድዱ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ለበዓል ቢሮውን አጽዳ አለችኝ። ሳጥኑ አቧራ ውጦታል። አራት መሳቢያ አለው። ሳብ ሳብ አደረግኳቸው፣ ወጡ። በደረቅ ጨርቅ ጠረግኳቸው። ክፍሉ ርጥበት ስላለው ትንሽ ሙቀት ቢያገኙ ብዬ በረንዳው ላይ አሰጣኋቸው።»

«ፀሐይ ላይ?»

«ፀሐይ ላይ። ፍራሹንም እንደዚያው ነው ያሰጣሁት።»

«ማሽኑ በርቶ ሳለ ነቀሏቸው?»

«መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትል ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ናት።»

«መልሰው ሲያስገቡ የትኛው የት እንደነበር ያስታውሳሉ?»

ሽማግሌው ወደ መሳቢያዎቹ ተመለከቱ። «አንድ ዓይነት ናቸው እኮ» አሉ።

ተቆጣሁ። በአፌ ባልናገርም ቁጣ ፊቴ ላይ ሲወጣ ለሰው እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ግንባሬ ይቋጠራል፤ ልጆቼ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያነቡት ያንን ነው። ከዚያ ቁጣና ከዕውቀት ትምክሕት ጋር ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ማሽኑ ማኅበሩን መሰብሰብ አቅቶታል። እኔ እሰበስበዋለሁ ብዬ፣ ዲስኮቹን ባገኘሁበት ተራ አስቀምጬ ማኅበሩን እንደ አዲስ የሚያቋቁም ትእዛዝ ጻፍኩ። ቀጥዬም የማውጫ ጥገናውን አስነሳሁ። ጥገናው በየስሕተቱ «ላስተካክል?» እያለ ይጠይቃል፤ ለሁሉም እሺ በል የሚል ምርጫ አለው። ለሁሉም እሺ አልኩት።

ቅጂ አልያዝኩም። በሱቄ ግድግዳ ላይ በእጄ የጻፍኩት ወረቀት እያለ፣ ቅጂ አልያዝኩም።

በስክሪኑ ላይ መስመሮች ከታች ወደ ላይ ይሮጡ ጀመር። ስሕተት፣ ተስተካከለ፤ ስሕተት፣ ተስተካከለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ገባኝ። ማውጫ የቱንም ያህል ቢጎዳ ይህን ያህል ስሕተት ሊኖረው አይችልም። ጥገናው የሚያነበው በተሳሳተ ተራ የተሰለፉ ዲስኮችን ነበር፤ ትክክለኛውን ሁሉ ስሕተት ነው እያለ በላዩ ይጽፍበታል። አቋረጥኩት። ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም።

መምህርቷ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ደብተሩን አቀረበችልኝ። «ምን ሆነ?»

ብዕሩን ያዝኩ። እውነቱን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር። «ጉዳቱ ከጽዳቱ የመጣ ነው፤ ከባድ ነው፤ እሞክራለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

አነበበችና ወደ ጥበቃው ዞራ በእጇ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ለብዙ ዓመት አብረዋት ስለኖሩ ቋንቋዋን ያውቃሉ። ድምፅ አልወጣትም፤ በእጅ ጩኸት የለም ብዬ አስብ ነበር እስከዚያ ቀን። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ወደ ውጭ ወጥቼ ለልጄ ደወልኩ። ልጄ ኦሎምፒያ ሰፈር፣ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ስትመረቅ «ወረቀቱን ይዘሻል፤ ዕውቀቱ ገና ነው» ያልኳት አባት እኔ ነኝ። እንኳን ደስ አለሽ ማለት ሲገባኝ ያንን አልኩ። በሥራ ጉዳይ ደውዬላትም አላውቅም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት።

«ቅጂ ይዘው ነው፣ አባ?» አለችኝ።

ወደ ቢሮው በር ዞሬ አየሁ።

«አባ?»

«አልያዝኩም።»

«ወረቀቷ ከግድግዳው ወድቃ ነው?»

«አትቀልጂ።»

«እሺ። አሁን ያጥፉት፤ ምንም አይንኩ። ከሱቅ አራት አዲስ ዲስክ ይውሰዱና አንድ በአንድ ይቅዱ፤ በተበላሸበት ሁኔታው፣ እንዳለ። ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ።»

እኔ ያስተማርኳትን ሕግ እሷ መልሳ አስተማረችኝ። ሰው በልጁ አፍ ሲገሠጽ የገዛ ድምፁን ይሰማል፤ ከዚህ የሚከብድ ተግሣጽ አላውቅም።

ማክሰኞ መቅዳት ጀመርኩ። መምህርቷ ዲስኮቹ ከግቢው እንዳይወጡ ስለፈለገች ሥራው እዚያው ሆነ። አንዱ ሲቀዳ ሰዓታት ይወስዳል፤ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። ጎረቤት ፎቅ እየተሠራ ብረት ይቆረጣል፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። የታመመ ዲስክ በድምፁ ይታወቃልና ጆሮዬን ላስጠጋ ብሞክርም በዚያ ጩኸት መካከል ምንም አልለይም። ሁለተኛው ዲስክ ሲቀዳ መምህርቷ መጣችና ልጠይቅ ሳትል መዳፏን ላዩ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ተራቸውን የሚጠብቁትን ሁለቱን አመለከተችኝ፤ እነሱንም እንዳስነሳቸው። ለየብቻ ኃይል ሰጠኋቸው። በየአንዳንዱ ላይ መዳፏን እያሳረፈች አለፈች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄኛው ይደናቀፋል» ብላ ጻፈች።

እኔም መዳፌን አሳረፍኩ። ምንም የለም። ጠበቅኩ። የእሷ ጣት ጠረጴዛው ላይ በቀስታ መታ፣ ቆየ፣ መታ። የእሷን ጣት እያየሁ በራሴ መዳፍ ሥር መጨረሻ ላይ አገኘሁት፤ በለሆሳስ የሚሰማ፣ እንደ ደከመ ልብ አንዴ ዘለል የሚል ነገር። ብዙ ዓመት ዲስክ ጠግኛለሁ። እንደዚያ አድምጬ አላውቅም።

ዲስኩ ሊሞት የተቃረበ ነበር፤ ተራውን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ሳይቀዳ ይሞት ነበር። ሌሎቹን አቁሜ እሱን አስቀደምኩ፤ ረፍት እየሰጠሁ፣ ትንሽ ትንሽ እየቀዳሁ። እስከ ረቡዕ ከሰዓት ድረስ ከጥቂት ቦታዎች በስተቀር ሁሉንም ሰጠኝና ጸጥ አለ። ዳግመኛ አልተነሳም። ያልሰጠኝን ቦታዎች ሦስቱ ጓደኞቹ ያስታውሱለታል። ያንን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ከመቀመጫዬ ተነስቼ ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤት ሲሞት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አንዱ ያንዱን ወሬ እየጨመረ ሟቹን መልሰው ያቆሙታል፤ ማንም ብቻውን ሙሉውን አያውቅም። ሰው ብረትን እንዲህ እንዲያደርግ ማስተማር መቻሉ፣ ለእኔ እስከ ዛሬ ከተአምር አይተናነስም።

ሐሙስ ልጄ መጣች። ጥበቃው ጉልባን በሳህን አቅርበውላት «ልጄ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አባትሽን አደከምኩት» አሏት። ልጄ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ወደ ሳህኑ ተመለከትኩ።

ብቻችንን ስንሆን ድምፅዋን ቀነሰች። «አባ፣ እያንዳንዱ ዲስክ ዳር ላይ የራሱን ተራ የሚናገር ምልክት አለው።»

«አውቃለሁ።»

«ስለዚህ መሳቢያው ቢቀያየርም ችግር አልነበረውም። ሳይጠፋ በመነቀሉ ትንሽ ቢታመምም ያ የሚድን ነው። ምልክቶቹን ያጠፋቸው የእርስዎ ትእዛዝ ነው። ጽዳቱ ይኼን ጉዳት አላደረሰም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

«እሳቸው ግን አያውቁም» አለችና ሥራዋን ጀመረች። ከዚህ በላይ ምንም አላለችኝም።

አራት ዲስኮች በሃያ አራት ዓይነት ተራ ሊሰለፉ ይችላሉ። ልጄ ሃያ አራቱንም በቅጂዎቹ ላይ፣ ምንም ሳትጽፍ፣ እያነበበች ብቻ ሞከረች። አንዱ ስሜት የሌለው ዝባዝንኬ፤ ሌላውም እንዲሁ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ማውጫው ቅርጽ ያዘ፤ ግን የመጀመሪያውን ገጹን፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው የሚናገረውን ዋናውን ገጽ፣ የእኔ ጥገና በልቶታል።

«አለቀ?» አልኳት።

«አላለቀም። ይህን የሠሩት ሰዎች ዋናውን ገጽ በየርቀቱ ደግመው ጽፈውታል። ከአንዱ እንነሳለን።»

ይህንንም በንባብ አውቀው ነበር። ማወቅና መዳን ግን ይለያያሉ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስማቸውን የማላውቃቸው፣ እኔንም የማያውቁኝ ሰዎች ተቀምጠው፣ አንድ ቀን አንድ ሰው በትምክሕት ተነሥቶ የመጀመሪያውን ገጽ እንደሚያጠፋ አስበዋል። አልረገሙትም። ሌላ ገጽ አስቀመጡለት፤ ያም ቢጠፋ ሌላ። ስሕተቴ ከመሠራቱ በፊት ይቅርታው ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ይህን አስቤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

ልጄ ጥገናውን በቅጂው ላይ አስነሳች። ለሁሉም እሺ አላለችም። እያንዳንዱን ጥያቄ እያነበበች መለሰች፤ አንዳንዱን ለእኔ ታነብልኝና «እርስዎ ምን ይላሉ?» ትለኛለች። ሲያልቅ አንድ ፎልደር ውስጥ ብዙ ቪዲዮ ተከማችቶ አገኘን፤ ሁሉም ስም አልባ ነው፤ ቁጥር ብቻ ይዟል። ስማቸው የተጻፈበት ቦታ ተበልቷል፤ እነሱ ግን ተርፈዋል።

የመጀመሪያውን ከፈትኩ። አንድ ሽማግሌ በድንጋይ ካብ ፊት ቆመው እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ድምፅ ግን የለውም። ድምፁን ጨመርኩ። ስፒከሩን ነቅዬ ሰካሁት። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም፤ ሦስተኛውንም። መምህርቷን ጠርቼ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ምስሉ ተገኝቷል፤ ድምፁ ግን በሙሉ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩላት።

አነበበች። እንደገና አነበበች። ከዚያ ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

«የካሜራው ማይክ ከመጀመሪያውም ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው» ብላ ጻፈች። «ማናችን እናውቃለን?»

አፍሬ «ላስጠግንላችሁ እችላለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

«ለማን?» ብላ መለሰችልኝ። ልጄ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዓርብ ስቅለት ነው፤ ሥራ የለም። ሳሊተ ምሕረት ሄጄ ሕዝቡ መካከል ቀኑን ሙሉ ሰገድኩ። ወደ ማምሻው ጥብጣብ አለ፤ ካህኑ ጀርባህን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረገ የስግደት ቁጥር ይሰጥሃል፤ የሠራኸውንም የምትናገርበት ጊዜ ነው። ተራዬ ሲደርስ «አባቴ፣ የእኔን ጥፋት ሌላ ሰው ተሸክሞ ዝም ብያለሁ» አልኩ።

«ሰውዬው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

በወይራው መታኝና «አርባ አንድ ስገድ» አለኝ። «ይህ ለእግዚአብሔር ነው። ለሰውዬው አይሆንም፤ እሱ ጋ በእግርህ ሂድ።»

ስግደቴን ልጀምር ቦታ ስፈልግ ጥበቃውን አየኋቸው። ጉልበታቸው በሽተኛ ነው፤ በግቢውም ሲራመዱ ያነክሳሉ። ይወድቃሉ፣ እጃቸውን ተደግፈው ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። አጠገባቸው ሰገድኩ። የእኔ አለቀ፤ የእሳቸው አላለቀም። ሲያርፉ ጠብቄ «አባባ፣ አልበዛም?» አልኳቸው።

«የሳጥኑን ጨምሬ ነው» አሉኝ፣ እየተነፈሱ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ይህንንም እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ልጆቼ ሲያነቡት አባታቸው ከቤተ ክርስቲያን ወዲያው ጻድቅ ሆኖ እንደወጣ እንዲመስላቸው አልፈልግም። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ተመለስን። ጥበቃው በግንባራቸው ላይ ቄጤማ አስረው በሩን ከፈቱልን። መምህርቷ ገና በጠዋት ተቀምጣ ስም አልባዎቹን ታያለች። ቪዲዮው ይከፈታል፤ ፊቱ በደንብ ሳይታይ፣ እጁ ከጭኑ ገና ሲነሳ፣ ስሙን ትጽፋለች። ሁለት እጆች ይነሳሉ፣ ስም። ሌላ ሁለት፣ ስም። አጠገቧ ቆሜ ስንቱን እንዳየሁ አልቆጠርኩም። እኔ እጅ ብቻ አያለሁ፤ ለእሷ ግን ሰው ነው ወደ ክፍሉ የሚገባው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ። የዲስኩ ማውጫ የረሳውን እሷ አልረሳችም። ዋናው ገጽ ሌላም ቦታ ተጽፎ ኖሯል።

ስድስቱ ግን አልዳኑም። አምስቱ ጨርሶ አልተከፈቱም። ስድስተኛው ባለፈው ዓመት ያረፉ የአንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ነበር። ጭቃውን ሲያቦኩ፣ ሲያቆሙ የሚጠቀሙበትን ምልክት እያሳዩ ሳለ ግማሹ ላይ ምስሉ ቆመ። ሁለት እጆች በአየር ላይ፣ የሌለ ማሰሮ አቅፈው ቀሩ። መምህርቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጥበቃው በሩ ላይ ሆነው አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ደብተሩን ወሰድኩ። «ጽዳቱ ይህን አላደረገም። ዲስኮቹ ፀሐይ መሞቃቸው አልጎዳቸውም። ቅጂ ሳልይዝ ጥገና ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ስድስቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰኞ የጻፍኩልዎ ውሸት ነው።» አዞርኩላት።

አነበበች። ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና ክዳኑን ዘጋችው። ወደ ጥበቃው አመለከተች፤ ከዚያ በዝግታ በእጇ አንድ ነገር አሳየችኝ። ደረቷን በጣቷ፣ ከዚያ ሁለት እንቅስቃሴ። ደገመችው። በደብተር ሳይሆን በዚህ ምልክት ይንገሯቸው ማለቷ ነበር።

ሞከርኩ። ራሷን ነቀነቀች፤ ወደ ፊቴ ጠቆመች። ልጄ «አባ፣ ፊትዎ እየተቆጣ ነው፤ እጅዎ ደግሞ ይቅርታ ይላል፤ አይገጥምም» አለችኝ። በእነሱ ቋንቋ ፊት ካልተናገረ እጅ ብቻውን ምንም አይልም። በአፍ ሲሆን ሰው ፊቱን ቋጥሮ «አጥፍቻለሁ» ማለት ይችላል፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩት እንደዚያ ነው። እዚያ ግን መደበቂያ የለም። ግንባሬን ለመፍታት የታገልኩትን ያህል ለየትኛውም ማሽን አልታገልኩም። ሦስተኛው ላይ፣ ወደ ሽማግሌው ዞሬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው።

«እጅህ ይኮላተፋል» አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ጌታዬ ሲሉኝ ነበር፤ አሁን አንተ አሉኝ። «ተሰምቶኛል ግን፣ ልጄ። ስግደቱንስ ምን ላድርገው? አይመለስ።»

«ለእኔ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ለአንተማ ያንሳል» አሉና ኮፍያቸውን ቄጤማው ላይ ደፉ።

መምህርቷ በቅንድቦቿ መካከል ጣቷን አድርጋ ወደ ታች ጎተት አደረገችና አንድ ነገር አለቻቸው፤ ሳቁ። ምን እንደሆነ ስጠይቅ ደብተሩን ከፈተች። «ይህ የእርስዎ ስም ነው። እኛ ለሰው ሁሉ የምልክት ስም እናወጣለን። የእርስዎ ሰኞ ነው የወጣው።»

«ሊቀየር አይችልም?» ብዬ ጻፍኩ።

«አይችልም። ከወጣ ወጣ።»

ከዚያ ተነሥታ ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ አቆመች። የሸክላ ሠሪዋን ቪዲዮ ብዙ ጊዜ እንዳየችው፣ የቀረውን ግማሽ እጇ እንደሚያውቀው ጻፈችልኝ። «የእኔ እጅ የእሳቸው አይደለም» የሚል ጨመረችበት። ከግድግዳው ፊት ቆመች። ሁለት እጆቿን አሮጊቷ ባቆሙበት ቦታ፣ በአየር ላይ፣ አነሳች፤ የሌለውን ማሰሮ ተቀበለቻቸው። ቀጠለች። አፉን አከበበች፣ ሆዱን አለሰለሰች፣ ወደ እሳት አስገባች። ክፍሉ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ምንም ቃል ሳላውቅ ማሰሮው መቼ እንደደረቀ፣ መቼ እንደበሰለ አየሁ። ጥበቃው ኮፍያቸውንና ቄጤማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ነበር።

በዚያው ዕለት ሁለት ቅጂ አዘጋጀን፤ አንዱ እኔ ሱቅ ተቀመጠ። ወረቀቴ አሁንም ግድግዳው ላይ አለች። ከሥሯ በልጄ እጅ የተጻፈ ሌላ መስመር አለ፤ እኔ ነኝ ያስጻፍኳት። «ከነካህ ተናገር» ይላል።